ስለ አዲሱ የዳርት መጫወቻ ለአባላት የተደረገ ንግግር

(በማኅበሩ ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው እሑድ ስለሆነ፣ ያልተገኙ አባላት አንብበው እንዲመጡ እዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ስለ ጎርፍ መውረጃው ቦይና ስለ ሌሊት ጥበቃው ተነጋግረን ጨርሰናል። ሦስተኛው አጀንዳ የዳርቱ ጉዳይ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ባለፉት ሁለት ሳምንታት በየደጁ ከቦዩ ይበልጥ የተወራው ይኸው ነው። ስለዚህ ኮሚቴአችን የሠራውንም ያጠፋውንም ሳይደብቅ ሊያስረዳችሁ ይወዳል።

እንደምታስታውሱት፣ ከየቤቱ 50 ብር ተዋጥቶ ለአዳራሹ መጫወቻ እንዲገዛ ተወስኖ ነበር። ከረምቡላ እንዳንገዛ ዋጋው አይቀመስም፣ ቦታውም አይበቃም። ዳርት ግን አንድ ግድግዳና ጥቂት እርምጃ ይበቃዋል። ወንድ ሴት፣ ሽማግሌ ወጣት ሳይል ያጫውታል። ኢሠማኮ በሚያዘጋጀው የሠራተኞች ስፖርት ውድድር ላይም ከእግር ኳሱና ከገመድ ጉተታው ጋር ዳርት አለበት። በዚህ ምክንያት አንድ ሰሌዳና ሁለት ዓይነት ዳርት፣ ሦስት የናስ፣ ሦስት የተንግስተን፣ ገዝተን ለሙከራ ሰቀልነው።

እንግዲህ ከጥፋታችን እንጀምር። ሰሌዳው የተሠራው ከቃጫ ነው። ያው ገመድና ጆንያ የሚሠራበት ቃጫ ተቆርጦ፣ በኃይል ታምቆ ማለት ነው። የዳርቷ ጫፍ ስትገባ ቃጫው ገለል ይልላታል፣ ስትነቀል ተመልሶ ይገጥማል። ይህን ሳናውቅ ከእኛ አንዱ «አቧራው ይውጣለት» ብሎ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለው። የቃጫ ሰሌዳ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይበላሻል። ደግነቱ ቶሎ ደርሰን በጥላ አደረቅነው፣ ተረፈ።

ሁለተኛው ልኬቱ ነው። ሕጉ የሰሌዳው እምብርት ከወለል 1 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ወርዋሪው ደግሞ ከሰሌዳው ፊት 2 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቁም ይላል። ከሰሌዳው ፊት እንጂ ከግድግዳው አይደለም። እኛ የለካነው ከግድግዳው ነው። ሰሌዳው ውፍረት አለው፣ ከኋላውም ጣውላ አድርገንለታል። ስለዚህ መስመሩ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀርቦ ነበር። ያረሙን ወጣቶቹ ናቸው፣ እናመሰግናለን። ከእምብርቱ እስከ መስመሩ ገመድ በሰያፍ ሲዘረጋ 2 ሜትር ከ93 ከመጣ ልኩ ደህና ነው። አሁን ልክ ነው።

ዳርቶቹን ሦስት ምሽት ሞከርናቸው። ሁለቱም ዓይነት እያንዳንዳቸው 24 ግራም ናቸው። ልዩነቱ ውፍረታቸው ላይ ነው። ተንግስተን በድሮው አምፖል ውስጥ የሚግለው የሽቦ ማዕድን ነው፣ ከናስ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ተመሳሳይ ክብደት ይዞ ቀጭን መሆን ይችላል። የናሶቹ ወፍራም ስለሆኑ ጠባብ ቦታ ላይ ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን እየገፋች ስትወድቅ አይተናል። ቀጫጭኖቹ ግን ሦስቱም ጎን ለጎን ይገባሉ። ለጀማሪ ሁለቱም አያሳፍሩም። የናሶቹ ለልምምድ፣ የተንግስተኖቹ ለውድድር ይሁኑ ብለናል።

አደጋም አለው። ዳርት ሽቦውን ከመታች ትመለሳለች። በሁለተኛው ምሽት አንዷ ተመልሳ ነጠላ ጫማ ያደረገ ልጅ እግር አጠገብ ወደቀች። እግዚአብሔር ነው ያወጣን። ጫፏ የዶለዶመ ዳርት ደግሞ ይበልጥ ትመለሳለች፣ ሲሚንቶው ላይ በወደቀች ቁጥርም ትዶለዱማለች። ስለዚህ ከሰሌዳው ሥር ወፍራም ጆንያ አንጥፈናል፣ መሞረጃ ድንጋይም ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠናል።

ጨዋታው ራሱ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በተራው ሦስት ይወረውራል። ከ501 ተነስቶ ያገኘውን እየቀነሰ ዜሮ ላይ ይደርሳል፣ የመጨረሻዋ ግን ደብል ላይ ማረፍ አለባት። ዳር ያለችው ቀጭን ቀለበት ደብል ናት፣ የውስጠኛዋ ቀለበት ሦስት እጥፍ። የ20 ሦስት እጥፍ 60 ነው፣ ከእምብርቱ 50 ይበልጣል። በአንድ ተራ ከ180 በላይ አይገኝም። ታዲያ ልጆቻችን ሁሉ ወደ 20 ይወረውራሉ። አንድ ጡረተኛ ጋሼ ግን ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው ወደ 16 ይወረውሩና ያሸንፏቸዋል። በወጣትነታቸው ፋብሪካ ውስጥ ተጫውተዋል። ምሥጢሩን ሲጠየቁ አልደበቁም። የ20 ጎረቤቶች 1 እና 5 ናቸው፣ የ16 ጎረቤቶች 7 እና 8። እጁ ያልረጋ ሰው 20 ሲስት ወደ 1 ይወድቃል፣ 16 ሲስት ግን ብዙ አይጎዳም። ሦስቱን ስንደምር በ20 በኩል 26 ነው፣ በ16 በኩል 31። «የሰው ልጅ ሲስት የት እንደሚወድቅ አስቦ ይወርውር» አሉን። ይህ ምክር ከጨዋታው ያለፈ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሦስተኛው ምሽት ውርርድ ገባ። በ5 ብር ተጀመረ፣ ከዚያ 20 ሆነ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ እናቱ የመብራት ካርድ እንዲሞላ የሰጠችውን 200 ብር ተበላ። ያ ቤት ሁለት ሌሊት በጨለማ አደረ። እናቱ መጥታ «መጫወቻ ግዙ ብዬ አዋጥቼ፣ ልጄን ቁማር አስተማራችሁልኝ» ስትለን የምንመልሰው አልነበረንም። ለምን ቢባል፣ ከኮሚቴው ሁለታችን እዚያው አዳራሽ ቁጭ ብለን ነበር። አየን፣ ሳቅን፣ አላስቆምንም። ይህ ጥፋት የልጆቹ ብቻ አይደለም፣ የእኛ ነው።

በማግስቱ ሰሌዳውን አወረድነው። ጋሼ ያሸነፈውን ወጣት ጠርተው መከሩት፣ በእጁ የቀረውን 120 ብር መለሰ። የቀረውን 80 ብር ሁለታችን ከኪሳችን አወጣን፣ ከማኅበሩ ሣጥን አንድ ሳንቲም አልተነካም። ደረሰኙን ማየት የሚፈልግ ሒሳብ ሹሙን ይጠይቅ።

አሁን ሁለት አሳብ አለ። አንዳንድ አባቶች «የመጠጥ ቤት ጨዋታ ነው፣ ተሸጦ ገንዘቡ ለድንኳን ጥገና ይዋል» ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «ከአዳራሹ ስታስወጡን የምንሄደው ወዴት ነው?» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። የኮሚቴው አሳብ ግን ሰሌዳው በሚከተለው ደንብ ተመልሶ ይሰቀል ነው፦

1ኛ/ ጨዋታው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ ይሁን።

2ኛ/ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወላጁ ወይም ታላቁ ሳይኖር አይወርውር።

3ኛ/ አንዱ ሲወረውር ሌላው ከመስመሩ ኋላ ይቁም። ነጠላ ጫማ አድርጎ መጫወት ክልክል ነው።

4ኛ/ በገንዘብ፣ በሲጋራም ሆነ በሌላ ነገር መወራረድ ፈጽሞ ክልክል ነው። የተወራረደ ለሦስት ወር አይጫወትም። አይቶ ዝም ያለ የኮሚቴ አባል ደግሞ ከኮሚቴነት ይወርዳል።

5ኛ/ ሰሌዳው ውሃ አይንካው። 20 ቁጥር ያለበት ቦታ ብቻ እንዳያልቅ የቁጥሩ ቀለበት በየወሩ ይዙር።

6ኛ/ የዳርቶቹ ሳጥን ቁልፍ ከኮሚቴው ውጭ ባለ ሰው እጅ ይሁን።

ስለ ስድስተኛው አንድ ነገር እንጨምር። ቁልፉን እንድትይዝልን የጠየቅናት ያችኑ እናት ነው። ያለ እሷ ፈቃድ ሳጥኑ አይከፈትም። እስካሁን እሺም እምቢም አላለችንም፣ «መጀመሪያ ሰዉ የሚለውን ልስማ» ብላለች። መብቷ ነው። እኛም ከእሷ ጋር የናንተን ውሳኔ እንጠብቃለን። እስከዚያው ሰሌዳው በጨርቅ ተጠቅልሎ በዕቃ ቤታችን ተቀምጧል።