ረጅም ቀንድ ጥንዚዛን ከመልኩና ከቀዳዳው መለየት
(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ)



በየቀበሌው ስንዞር ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ባሕር ዛፌ ከጫፉ ጀምሮ እየደረቀ ነው፤ ግንዱም ተቦርቡሯል፤ ምን ልርጭበት?» የሚረጨውን ከመጠየቃችን በፊት የቦረቦረውን እንወቅ። እኛ ዘንድ እንጨት የሚበላ ነፍሳት ሁሉ «ነቀዝ» ነው፤ ካልሆነም «ምስጥ» ነው። በዚህ ምክንያት ለማይሠራ መድኃኒት ገንዘብ ይወጣል፣ ሊሸጥ የሚችል እንጨትም ማገዶ ይሆናል። ዛሬ የምንነጋገረው ከእነዚህ ከሁለቱም ስለሚለየው ስለ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛ ነው።

በዓለም ላይ ከ35 ሺህ በላይ ዝርያዎች አሉት። አንዳንዱ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም፤ በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ደን የሚኖረው ትልቁ ደግሞ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። እኛን የሚያሳስቡን በአብዛኛው ከ1 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙት ናቸው።

መጀመሪያ ቀንዱን ተመልከቱ። ቀንድ እንበለው እንጂ እንደ በሬ ቀንድ የሚወጋበት አይደለም፤ የሚያሸትበትና የሚዳስስበት አካል ነው። እንደ መቃ አንጓ አንጓ ያለው ሲሆን አንጓዎቹ ብዙውን ጊዜ 11 ናቸው። በአብዛኞቹ ዝርያዎች ርዝመቱ ቢያንስ የሰውነቱን ግማሽ ያህላል፤ በብዙዎቹም ከሰውነቱ አልፎ ወደ ኋላ ይተርፋል። የወንዱ ከሴቷ ይረዝማል። በውኃ ጥም የተዳከመ ወይም አዲስ የተቆረጠ ዛፍ የሚያወጣውን ሽታ ከሩቅ የሚይዘው በዚህ ነው። እናንተ ዛፉ መታመሙን ሳታውቁ እሱ ያወቀው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ረጅም ቀንድ ያለው ሁሉ እሱ አይደለም። በረሮም ረጅም ቀንድ አለው፤ አንዳንድ ፌንጣም እንዲሁ። ስለዚህ ጀርባውን እዩ። የጥንዚዛ የላይኛው ክንፍ እንደ ቅርፊት የጠነከረ ነው፤ ሁለቱ ክንፎች ጀርባው መካከል ላይ በቀጥታ መስመር ይገጥማሉ። የበረሮ ክንፍ ግን አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ፌንጣን ደግሞ ለመዝለያ በረዘመው የኋላ እግሩ ትለዩታላችሁ። ከዚያ ዓይኑን ተመልከቱ፤ ይህ ለእኔ ከሁሉም የሚያስተማምነኝ ምልክት ነው። በአብዛኞቹ ረጅም ቀንዶች ዓይኑ ክብ አይደለም፤ እንደ ኩላሊት ጎድጎድ ያለ ነው፤ ቀንዱም የሚበቅለው ከዚያ ጉድጓድ አጠገብ ስለሆነ ዓይኑ የቀንዱን ሥር ያቀፈ ይመስላል።

ሰውነቱ ሞላላና ጎንና ጎኑ ቀጥ ያለ ነው። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ቅርፊት ስለሚመስል ቀን ግንድ ላይ ተለጥፎ ቢውል አታዩትም፤ ብዙዎቹም የሚንቀሳቀሱት ማታ ነው። በእጃችሁ ስትይዙት ሲጢጥ የሚል ድምፅ ቢያሰማ አትደንግጡ፤ የአንገቱንና የደረቱን ጠንካራ ክፍሎች እያፋተገ ነው። መርዝ የለውም፤ መንጋጋው ግን ጠንካራ ስለሆነ ጣት ይቆነጥጣል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ አደገው ጥንዚዛ ነው። ዛፉን የሚገድለው ግን እሱ አይደለም፤ ልጁ ነው። ጥንዚዛውን ባያችሁ ጊዜ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ተፈጽሟል።

ትሉ ነጭ ወይም ቅቤ መሳይ ነው። እግር የለውም፤ ቢኖረውም በዓይን የማይታይ ያህል ትንሽ ነው። ከፊቱ ሰፋ ብሎ ወደ ኋላ ይቀጥናል፤ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ የገባ ነው፤ ከውጭ ጎልቶ የሚታየው ጥቁሩ መንጋጋ ነው። ፍግ ክምር ውስጥ ከምታገኙት ወፍራም ነጭ ትል ጋር እንዳታምታቱት። የፍጉ ትል እንደ ማጭድ የተጎነበሰ ሲሆን ከደረቱ ሥር ስድስት እግሮች አሉት፤ ይኸኛው ግን ቀጥ ብሎ ይተኛል።

ሴቷ እንቁላሏን ቅርፊት ሥር ወይም ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። ትሉ ተፈልፍሎ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል እየበላ ይሄዳል፤ መንገዱንም ከኋላው በዱቄትና በኩስ ይደፍነዋል። አንድን ዛፍ ቆሞ እንዲደርቅ ስትፈልጉ ቅርፊቱን ዙሪያውን እንደ ቀለበት ትልጡት የለም? ትሎቹ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ከውስጥ መሆኑ ነው። መንገዶቻቸው ዙሪያውን ሲገናኙ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ምግብ ይቋረጣል። ትሉ ሲጠግብ ወደ እንጨቱ ገብቶ ክፍል ይሠራል፤ እዚያ ተለውጦ በሞላላ ቀዳዳ ይወጣል።

በባሕር ዛፍ ላይ በዓለም በጣም የታወቀው ከአውስትራሊያ የመጣው ዝርያ ነው። ከ1.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ክንፉ ላይ ወዝወዝ ያለ ቅቤ መሳይ መቀነት አለው። ባሕር ዛፍ በተተከለበት ሁሉ ከእንጨት ጭነት ጋር እየተጓዘ ደቡብ አፍሪካን፣ ሞሮኮን፣ ቱኒዝያን፣ እስከ አሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ድረስ ደርሷል። ጤነኛና ውኃ የጠገበ ባሕር ዛፍ ግን በቀላሉ እጁን አይሰጥም፤ ትሉ ቅርፊቱን ሲበሳ ዛፉ በሚያወጣው ፈሳሽና ሙጫ ሰጥሞ ይሞታል። በድርቅ የተመታው፣ በጣም ተጠጋግቶ የተተከለው፣ በመጥረቢያ የቆሰለውና ተቆርጦ ከነቅርፊቱ የተከመረው ናቸው ለእሱ ማዕድ የሚሆኑት። አዲስ በተቆረጠ ግንድ ላይ ከእንቁላል እስከ ጥንዚዛ ለመድረስ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ሊበቃው ይችላል። በአዊ ዲከረንስ የምታለሙ ወንድሞችና እህቶችም ልብ በሉ፦ የዝገት በሽታ ያዳከመውና ቆሞ የደረቀው ዛፍ ለግንድ ቦርቧሪዎች ክፍት በር ነው።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለውን አጣና እያዟዟራችሁ እዩት። የመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ከፈረሰ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ከዚያ ድረስ ለምን አስመጣችሁ ትሉ ይሆናል። አዲስ አበባ የቆመችው በባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ችግኝ ገና ሳይስፋፋ በማገዶና በቤት መሥሪያ እጦት ከተማዋ ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ታስቦ ነበር። ከዚያ በኋላ የአራዳና የፒያሳ የጭቃ ቤቶች ቋሚያቸውም፣ ማገራቸውም፣ ወራጃቸውም ባሕር ዛፍ ሆነ። ስለዚህ የገበሬ እንጨት ከተሸጠ ከብዙ ዓመት በኋላ ምን እንደሚደርስበት ለማየት ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ አጣና የተሻለ መማሪያ የለም።

አጣናው ላይ ሦስት ዓይነት ጉዳት አለ። ከታች፣ መሬት የነካው ጫፍ ውስጡ ተበልቶ አፈር ተሞልቶበታል፤ ይህ የምስጥ ሥራ ነው። መሐሉ ላይ በመርፌ የተበሳ የሚመስሉ፣ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሲያንኳኩት እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ያራግፋል። ይህ ነቀዝ ነው። ደረቅ እንጨት ውስጥ ይራባል፤ ዛሬ ወጥቶ ነገ እዚያው ይመለሳል፤ ወደ አጠገቡ እንጨትም ይሻገራል። ከላይ ደግሞ የቅርፊት ቁራጭ የቀረበት ቦታ አለ። እዚያ ትንሽ ጣት ጫፉን የሚያስገባ ሞላላ ቀዳዳ ታያላችሁ፤ ቅርፊቱን ስታነሱትም በደረቀ ብናኝ የተደፈነ ሰፊ መንገድ እንጨቱ ላይ ተቀርጿል። የረጅም ቀንድ ጥንዚዛ ፊርማ ይህ ነው።

ልዩነቱ በብር የሚቆጠር ነው። አብዛኞቹ ረጅም ቀንዶች እንቁላል የሚጥሉት ቅርፊት ባለው እርጥብ ወይም ገና ባልደረቀ እንጨት ላይ ስለሆነ፣ ተልጦ በደረቀ ቋሚ ላይ አይመለሱም። (በአውሮፓ በጥድ መሰል ጣውላ የሚኖር አንድ ዝርያ ከዚህ ደንብ ይወጣል፤ ባሕር ዛፍን ግን አይነካም።) አንዳንድ ትል ደረቅ እንጨት ውስጥ ዕድገቱ ዘግይቶ ቤቱ ከተሠራ ከዓመታት በኋላ ሊወጣ ይችላል፤ ባለቤቱም «ቤቴ ተወረረ» ብሎ ይሸበራል። አልተወረረም፤ ከጫካ አብሮ የመጣ እንግዳ ነው የወጣው። የድሮ ሞላላ ቀዳዳ ያለበትን አጣና ክብደቱንና ጥንካሬውን አይታችሁ ተጠቀሙበት፤ መድኃኒት አትግዙለት። የላመ ዱቄት የሚያራግፈውን ግን ከጤነኛው እንጨት ለዩት።

ማሳ ላይ ደግሞ ዋናው ሥራ ቅርፊት መላጥ ነው። የተቆረጠ ግንድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይላጥ፤ እንቁላሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈለፈላልና ከዚያ በኋላ ትሉ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ነጋዴ እስኪመጣ ድረስ ከነቅርፊቱ ቆሞ ካለው ደን አጠገብ አትከምሩት። ለመላጥ የሚወጣው ጉልበት ብዙ መሆኑን አውቃለሁ፤ በደቦ ከተሠራ ግን ለአንድ ዙር ቆረጣ የሚከብድ አይደለም። ቆሞ የተጠቃውን ዛፍ ቶሎ ቁረጡት፤ ቅርፊቱንና ቅርንጫፉን አቃጥሉት ወይም ግንዱን ከሰል አድርጉት። ከቅርፊት ውጭ የሚረጭ መድኃኒት ውስጥ ያለውን ትል አያገኘውም፤ የሚያገኘው ንባችሁን ነው።

በዚህ ሁሉ ግን ጥንዚዛ ባያችሁ ቁጥር መግደል የለባችሁም። አብዛኞቹ ረጅም ቀንዶች የሞተ እንጨት የሚበሉ፣ የወደቀ ግንድ ወደ አፈር የሚመልሱ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ የበሰበሰ ግንድ ላይ የምታገኙትን ተዉት፤ ሥራውን ላይ ነው።

ባሕር ዛፍ ወይም ዲከረንስ ላይ ክንፉ በቅቤ መሳይ መቀነት የታሰረ ጥንዚዛ ካገኛችሁ ግን ያዙት። ቀንዱ እንዳይሰበር በወረቀት ጥቀልሉና ክዳን ባለው ጠርሙስ ጠንካራ አረቄ ውስጥ አስቀምጡት። ትሉንም ካገኛችሁ ጨምሩበት፤ የተቦረቦረውን እንጨት ቁራጭ ከነቅርፊቱ አብራችሁ አምጡ። ጠርሙሱ ላይ ቀኑን፣ ቀበሌውንና የዛፉን ዓይነት ጻፉና ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም ለወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ አስረክቡ።