ሱስ የያዘው ሰውና የሰፈሩ ሐኪም



ሱስ የያዘውን ሰው የሚመክረውና የሚገሥጸው ብዙ ነው፤ ወደ ሐኪም የሚወስደው ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግራችን ሄሮይንንና ሞርፊንን የመሳሰሉት፥ ከኦፒየም ወገን የሆኑት ዕፆች ስለሚያመጡት ሱስና ስለ ሕክምናው ይሆናል።

እነዚህ ዕፆች ሲደጋገሙ የአንጎልን አሠራር ይለውጣሉ። ሰውየው በድንገት ያቋረጣቸው እንደ ሆነ ላብ፥ ቁርጥማት፥ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ያሠቃዩታል። ስለዚህ ዕፁን የሚፈልገው ለደስታ ሳይሆን ከሥቃይ ለማረፍ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ቈራጥ ከሆንህ ተወው» ማለት፥ ወባ የያዘውን አትንቀጥቀጥ እንደ ማለት ነው።

በ1965 እ.ኤ.አ. ዶክተር ቪንሰንት ዶልና ዶክተር ማሪ ናይስዋንደር በኒው ዮርክ ሜታዶን የተባለውን መድኃኒት በየቀኑ በልክ ቢሰጡ፥ ሕመምተኞቻቸው ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ለመመለስ መቻላቸውን አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ቡፕረኖርፊን የተባለው ተገኘ። ይህ መድኃኒት ከምላስ ሥር ሆኖ ይሟሟል፤ የዕፁን ጥማት ያበርዳል፤ ኃይሉም ከተወሰነ መጠን በላይ ስለማይጨምር ትንፋሽን የማፈን አደጋው ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ከአልኮልና ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ሲቀላቀል አደገኛ ነው። ለጫትም ሆነ ለመጠጥ ሱስ መድኃኒት አይደለም።

ፈረንሳይ በ1990ዎቹ አጋማሽ ማንኛውም የሰፈር ሐኪም ቡፕረኖርፊንን እንዲያዝ ፈቀደች። ከ1995 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ ዕፅ ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚሞቱት ሰዎች ቍጥር በ79 በመቶ ቀነሰ። ሌሎችም እርምጃዎች አግዘዋል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ሕመምተኛው ከሚኖርበት ሰፈር መድረሱ ትልቅ ድርሻ ነበረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ሁለቱንም መድኃኒቶች አስፈላጊ ከሚላቸው መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አግብቷቸዋል። አሜሪካም በ2022 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ፥ ሐኪሞች ቡፕረኖርፊንን ለማዘዝ ያወጡት የነበረውን ልዩ ፈቃድ አስቀርታለች።

አንዳንድ ቤተ ሰብ ግን «ሱስን በሱስ ለወጠ» እያለ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ቶሎ እንዲያቆም ያስጨንቀዋል። ይህ ከፍ ያለ ስሕተት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን በየቀኑ በመውሰዱ ማንም አያማውም። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር ያቋረጠ ሰው ወደ ዕፁ የመመለሱ አደጋ ብርቱ ነው፤ ሰውነቱም የቀድሞውን መጠን መቻሉን ስለተወ፥ ያው የለመደው መጠን ሊገድለው ይችላል።

ስለዚህ፥ ከመካከላችሁ በውጭ አገር ልጅ ወይም ወንድም ያላችሁ፥ እንዲህ ያለ ወሬ ቢደርሳችሁ «መድኃኒቱን መቼ ትተዋለህ?» በማለት ፈንታ «ዛሬ ወሰድህ ወይ? ሐኪምህስ ምን አለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የቢሮ አለቃ የሆናችሁም፥ በሕክምና ላይ ያለውን ሠራተኛ በሥራው መዝኑት እንጂ በስሙ አትፍረዱበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሕመምተኛው በሽታውን እንዲደብቅ የሚያስገድደው ግን የእኛው ነቀፋ መሆኑን አንርሳ።