የሴንት አንድሩስ ሜዳና የእኛ ሙያ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ጎልፍ ጨዋታ መናገር ያለ ቦታው የገባ ወግ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር በስኮትላንድ የሚገኘውን የሴንት አንድሩስን «ኦልድ ኮርስ» ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየትና ለመጫወት ዕድል ባገኘሁ ጊዜ፣ በአእምሮዬ ሲመላለስ የቆየው የሙያችን ጥያቄ ነበር። ይኸውም ለሕዝብ አገልግሎት የቆመ ሥራ ዕድሜው የሚረዝመው በምንድን ነው? የሚለው ነው።

ሜዳው ከከተማው ጫፍ ተነሥቶ በባሕሩ አጠገብ የሚዘረጋ፣ አሸዋማና ወጣ ገባ የሆነ መሬት ነው። ጌጥ ፈልጎ ለሚመጣ እንግዳ የሚያሳየው ነገር ጥቂት ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሆል አጥር በሌለው አንድ ሰፊ ሣር ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ ሕዝቡ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚሄድበት መንገድም ሁለቱን አቋርጦ ያልፋል። እግረኛ ሲመጣ ተጫዋቹ ዱላውን ይዞ ይጠብቃል።

ይህን ሜዳ በመጀመሪያ የነደፈ መሐንዲስ የለም። አሸዋውን ባሕርና ነፋስ ከመሩት፤ ሣሩን በጎችና ጥንቸሎች ጋጡት፤ ሰው የኋላ ኋላ ተጫወተበት። በ1764 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያዎቹ አራት ሆሎች ወደ ሁለት ተጠቃለሉ። ተጫዋቹ በሄደበት መሥመር ይመለስ ስለ ነበር የ22ቱ ዙር 18 ሆነ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ቍጥር ከዚህ የመጣ ነው። ከ18ቱ ሆሎች 14ቱ ግሪኑን፣ ማለትም ቀዳዳዋ ያለችበትን አጭር ሣር፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጋራሉ፤ የሚጋሩት ሆሎች ቍጥር ሲደመርም ሁልጊዜ 18 ነው። 2ኛው ከ16ኛው፣ 5ኛው ከ13ኛው ጋር እንደ ማለት ነው። ስለዚህ የሚሄደውና የሚመለሰው ተጫዋች በአንድ ግሪን ላይ ይገናኛሉ።

ጨዋታው ግን ቀላል አይደለም። ሲሄዱ የረዳ ነፋስ ሲመለሱ ጠላት ይሆናል። በሜዳው ላይ 112 ባንከሮች፣ ማለትም የአሸዋ ጉድጓዶች አሉ፤ በ14ኛው ሆል ያለው ትልቁ «ሲኦል» ይባላል። በ17ኛው ግሪኑ ከአንድ መንገድና ከድንጋይ አጥር ጋር የተጠጋ ነው፤ ኳስ መንገዱ ላይ ብታርፍ ከዚያው ትመታለች። የእኔም ኳስ እዚያው አረፈች፤ በ4 ምት ሊያልቅ የተመደበውንም ሆል በ6 ጨረስሁት።

በመሐንዲስነቴ ይበልጥ የማረከኝ ግን የባንከሮቹ ግድግዳ ነው። የተቈረጠ ሣር ከነአፈሩ እንደ ጡብ ተደርድሮ የተሠራ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ስለሚጎዱት በየጥቂት ዓመቱ ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ከ1864 እስከ 1903 የሜዳው ጠባቂ የነበረው ቶም ሞሪስ ሣሩ ላይ አሸዋ እየነሰነሰ ያጠነክረው ነበር። እሑድ፣ ታላቅ ውድድር ካልሆነ በቀር፣ ሜዳው ለጨዋታ ዝግ ነው፤ ያን ዕለት ሣሩ ያርፋል፣ ሕዝቡም ከልጆቹና ከውሾቹ ጋር ይንሸራሸርበታል።

ይህ ሁሉ እንክብካቤ የባለቤትነት ሥር አለው። በ1552 የወጣ ሰነድ ነዋሪዎቹ በዚህ መሬት ላይ የመጫወት መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። በ1797 ከተማው በዕዳ ተይዞ መሬቱን ሸጠ፤ ጥንቸል አርቢዎችም ገቡበት፤ ክርክሩ ጄምስ ቺፕ የተባለ ባለርስት በ1821 መሬቱን ገዝቶ ለጨዋታው እስካዳነው ድረስ ዘለቀ። በ1974 ደግሞ በፓርላማ ሕግ አስተዳደሩ ለባለአደራዎች ተሰጠ።

ሕዝቡ ዛሬም ዓይኑን ከሜዳው ላይ አላነሣም። በ18ኛው ሆል ላይ ያለው የስዊልካን ድልድይ ትንሽ የድንጋይ ቅስት ነው። ብዙ ጎብኚ ስለሚረግጠው በመግቢያው ያለው ሣር ያልቃል። በ2023 አስተዳዳሪዎቹ በዚያ ቦታ ድንጋይ አነጠፉ፤ ከየአቅጣጫው ተቃውሞ በመነሣቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንጋዩን አንሥተው ሣሩን መለሱ። ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ መፍትሔውም በጽናት ረገድ የሚነቀፍ አልነበረም። የጎደለው የባለቤቱ፣ ማለትም የሕዝቡ ፈቃድ ነው።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

እኛ ሪባን የሚቈረጥበትን ቀን እንወዳለን። ድልድዩ ተመርቆ ፎቶግራፍ ከተነሣን በኋላ፣ የፍሳሽ ቦዩን ደለል የሚጠርገው ማነው? የጥገናው ገንዘብ በየትኛው በጀት ይያዛል? መንደርተኛው ሥራውን የራሴ ነው ይላል ወይስ የመንግሥት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በንድፋችን ላይ እምብዛም አይገኙም። በሴንት አንድሩስ ያየሁት ግን ንድፍ ሳይኖረው በጥገናና በባለቤትነት ስሜት ብቻ ዘመናትን የተሻገረ ሥራ ነው። ንድፍ ኖሮት እነዚህ ሁለቱን ያጣ ሥራ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም።

ስለዚህ ከእንግዲህ ለማናቸውም የሕዝብ ሥራ የምናቀርበው ሰነድ ከሥዕሉና ከዋጋው ዝርዝር ጋር የጥገናውን መርሐ ግብርና የጠባቂውን ማንነት እንዲይዝ፣ ማኅበራችን እንደ ደንብ አድርጎ እንዲመክርበት በትሕትና አሳስባለሁ።