የትል ክትባት ስለምን ዘገየ?



አንዳንድ እናቶች «ኩፍኝን በክትባት ከለከላችሁልን፤ ወስፋትን ግን በየዓመቱ ክኒን አስውጡ ትሉናላችሁ፤ ለትሉስ ክትባት የለውም ወይ?» እያሉ ጤና ጣቢያ ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ የተረዳሁትን ያህል ላስረዳ።

እስካሁን ለሰው ልጅ የተፈቀደ የትል ክትባት የለም። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ኩፍኝ አንዴ ይዞት የዳነን ሰው ዳግመኛ አይዘውም፤ ገላው ጠላቱን ለይቶ ያውቀዋልና። ክትባት ማለትም ይህንኑ ትውውቅ አስቀድሞ መስጠት ነው። ትል ግን ሌላ ነው። ዛሬ ወስፋት የወጣለት ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ይይዘዋል። የቢልሃርዝያ ትል እንዲያውም ከራሳችን ደም የወሰደውን ነገር ላዩ ላይ ለብሶ ዓመታት ይኖራል። ሌባ የባለቤቱን ጋቢ ለብሶ ቢገባ ውሻው ይጮሃል እንዴ?

ሊቃውንቱ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ብራዚል ውስጥ በባዶ እግር ለሚገባው ለመንጠቆ ትል አንድ ክትባት ተሞክሮ ነበር። ትሉ ቀድሞ ይዟቸው ከነበሩት ሰዎች አንዳንዶቹን ገና እንደ ተከተቡ ገላቸውን ሽፍታ ስለ ወረሰው ሙከራው ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ዓይነት እየተፈለገ ነው። በሴኔጋል ሕፃናት ላይ የተሞከረው የቢልሃርዝያ ክትባት ደግሞ ጉዳት አላመጣም፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ሲወጣ በሽታው ተመልሶ እንዳይዝ የመከልከል ኃይሉ እንደ ታሰበው አልሆነም።

በበግ ላይ ግን ተሳክቷል። የበግን ጨጓራ ይዞ ደም ለሚመጠው ትል አውስትራልያ እ.ኤ.አ. በ2014 ክትባት ፈቅዳለች። የሚሠራው ከትሉ ከራሱ አንጀት ነው። ትሉ የተከተበውን በግ ደም ሲጠጣ አንጀቱ ይታወክና የበላውን መፍጨት ያቅተዋል። ችግሩ ምንድን ነው ቢባል፣ ትሉን ከታረዱ በጎች መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ መርፌውም በየጥቂት ሳምንቱ መደጋገም አለበት። ለሰው የሚሆነው በፋብሪካ የሚሠራና አንዴ ሲወጉት ዓመታት የሚቆይ መሆን ይገባዋል። አሁን የሚደከመውም ለዚሁ ነው።

እስከዚያ ድረስ ምን እናድርግ? እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው ክኒን ጥሩ ነው፤ ልጆቻችሁን አትከልክሉ። ግን ክኒን ያለውን ትል ያወጣል እንጂ ሌላ እንዳይገባ አይጠብቅም። መንገዱን መዝጋት የኛ ፋንታ ነው። የኛው አገር ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ መንገድ የሚዘጋ ነገር ነበር። ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዝያን ትል የሚያሳድገው ደግሞ ቀንድ አውጣ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የዕድሩ ድንኳን በተተከለበት ሁሉ ለእጅ መታጠቢያ ከውሃው ጋር ሳሙና ይቅረብ፤ ዋጋውም ከዕድሩ ሣጥን ይከፈል። ሁለተኛ፣ መጸዳጃ ጉድጓድ የሌለው አባል ካለ፣ ለቀብር እንደምንወጣ ሁሉ አንድ ቀን ወጥተን እንቆፍርለት። የአንዱ ቤት ልጅ ሜዳ ላይ የጣለው የትል እንቁላል የሌላውን ቤት ልጅ ይይዛልና።