በወደቀው ዛፍ ቦታ ምን እንትከል?

ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር



በየአጥቢያው ስንዘዋወር ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። በቅጥሩ ውስጥ የነበረ ዕድሜ ጠገብ ዛፍ በነፋስ ወይም በእርጅና ይወድቃል፤ በቦታው ምን ይተከል? ቶሎ የሚደርሰውን ባሕር ዛፍ ተክለን የቤተ ክርስቲያኑን ገቢ እናሳድግ የሚል አሳብም ይነሣል። አሳቡ ከቅንነት የመነጨ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ አገልጋዩም ደመወዙን ይጠብቃል። መልስ ከመስጠታችን በፊት ግን በአንድ ደን ውስጥ ያሉ ዛፎች ጠባያቸው ምን ያህል እንደሚለያይና ይህ ልዩነት ለደኑ ምን እንደሚያደርግለት አብረን ልንመለከት እንወድዳለን።

ከቅርባችን እንጀምር። ከአንድ ወይራ ላይ ፀሐይ ከሚያገኘው ጫፍ አንድ ቅጠል፣ በጥላ ከተሸፈነው የታችኛው ቅርንጫፍም ሌላ ቅጠል ቀጥፈን ብናስተያያቸው፣ የላይኛው አብዛኛውን ጊዜ ወፈርና ጠንከር ያለ፣ የታችኛው ሳሳ ያለ ሆኖ እናገኘዋለን። በአንድ ዛፍ ላይ እንዲህ ከሆነ፣ በተለያዩ ዛፎች መካከል ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል። የዋንዛ ቅጠል ሰፊ ነው፤ የወይራ ግን ጠባብና ጠንካራ ነው። ብሳና በደረቁ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል፤ ዝግባ ዓመቱን ሙሉ እንደለመለመ ይኖራል። የዋንዛ እንጨት ለአናጢ ይታዘዛል፤ የወይራ እንጨት መጥረቢያ ይፈትናል።

እነዚህ ጠባዮች የዛፉን አኗኗር ይወስናሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢያን ራይትና ባልደረቦቻቸው በዓለም ዙሪያ ከሚገኙ 175 ቦታዎች የ2,548 ዝርያዎችን የቅጠል መረጃ አሰባስበው አቅርበው ነበር። በአንድ ወገን ስስ ቅጠል በጥቂት ወጪ አውጥተው ፈጥነው የሚያድጉ፣ ቅጠላቸውም ቶሎ የሚረግፍ ዕፅዋት አሉ። በሌላው ወገን ወፍራም ቅጠል በብዙ ወጪ ሠርተው ለረጅም ጊዜ የሚገለገሉበት፣ በዝግታ የሚያድጉ አሉ። የቀሩት በመካከል ይሰለፋሉ። የሁለቱን ወገን ጥቅም አጠቃሎ የያዘ ዛፍ ግን የለም። በእንጨትም እንዲሁ ነው፤ እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ በአብዛኛው በዝግታ ያድጋል፣ ድርቅንና ስብራትን ግን የተሻለ ይቋቋማል። ስለዚህ ዝናቡ ለአንዱ ሲከፋ ለሌላው ያን ያህል አይከፋም።

ሳይንቲስቶች የወደፊቱን የደን ዕጣ ለማወቅ የኮምፒውተር ሞዴል ይሠራሉ። ሞዴሉ ዝናቡንና ሙቀቱን ተቀብሎ ዛፉ እንዴት እንደሚያድግ፣ መቼ እንደሚሞትና በማን እንደሚተካ ያሰላል። ሆኖም ብዙዎቹ የቀድሞ ሞዴሎች የሐሩር ክልልን ዛፎች በሙሉ በሁለት ዓይነት ብቻ ይወክሏቸው ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ የሚለመልምና በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፍ በማለት። በአማዞን ተፋሰስ ብቻ ወደ 16,000 የሚደርሱ የዛፍ ዝርያዎች እንደሚኖሩ ይገመታል። ይህ ሁሉ ወደ ሁለት አማካይ ዛፎች ሲጠቀለል፣ በሞዴሉ ውስጥ ያለው ደን ሁሉም ዛፎቹ ተመሳሳይ የሆኑበት ደን ይሆናል። ሙቀቱ አማካዩ ዛፍ ከሚችለው ሲያልፍም ሁሉም በአንድነት ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በጀርመን አገር በፖትስዳም የአየር ንብረት ተጽዕኖ ምርምር ተቋም የሚሠሩት ቦሪስ ሳክሼቭስኪና ባልደረቦቻቸው ይህን የሚያርም ጥናት አወጡ። በሞዴላቸው እያንዳንዱ ዛፍ የራሱ የቅጠልና የእንጨት ጠባይ እንዲኖረው አደረጉ። ከዚያም የአማዞንን ደን በወደፊቱ ሙቀት ፈተኑት። በመጀመሪያ ብዙ ዛፎች ሞቱ፤ ደኑም ተጎዳ። ቀጥሎ ግን ለአዲሱ ሁኔታ የሚስማማ ጠባይ የነበራቸው ሌሎች ዛፎች በተለቀቀው ቦታ አደጉ። የሙቀቱ ጭማሪ መካከለኛ በሆነበት ስሌት በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ደኑ በአብዛኛው ቦታ አገገመ፤ ጭማሪው በበረታበት ስሌት ግን ያገገመው ክፍል በጣም ያነሰ ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውላለን። ልዩነት ደንን ያድናል፤ ማዳኑ ግን ወሰን አለው። ደግሞም ደኑን የተኩት ዛፎች አስቀድመው በዚያው የነበሩ ናቸው።

የእኛ ደን አማዞን አይደለም። የደጋ ደን ነው፤ ብዙ ጊዜም በእርሻ የተከበበ፣ ከጥቂት ሔክታር የማይበልጥ ነው። የአማዞንን ስሌት እንዳለ ወደ እኛ አናመጣውም። መሠረተ አሳቡ ግን ለእኛ ይልቁን ይጸናል፤ ደኑ ትንሽ ሲሆን የእያንዳንዱ ዛፍ ጠባይ የበለጠ ይቈጠራልና። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና የምርምር ባልደረባቸው በሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አፈር ውስጥ የተቀበረውን ዘር መርምረው፣ አብዛኞቹ የዛፍ ዝርያዎች በአፈሩ ውስጥ የሚቆይ የዘር ክምችት እንደሌላቸው አሳይተዋል። እንግዲህ የመጨረሻው ጥቁር እንጨት ወይም የመጨረሻው ዝግባ ከወደቀ፣ ከመሬቱ ይበቅላል ብለን ልንጠብቅ አንችልም። ከብቶች የሚገቡበት ደን ችግኙ እንደሚመነምንም ዶክተር ዓለማየሁ ከሌሎች ጋር ባደረጉት ሌላ ጥናት አመልክተዋል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። በወደቀው ዛፍ ቦታ ባሕር ዛፍ ብቻ ስንተክል፣ ደኑን ወደዚያ አማካይ ዛፍ ወዳለበት የሞዴል ደን እንለውጠዋለን። ባሕር ዛፍ ለገቢ ካስፈለገ ከደኑ ውጭ፣ ከምንጭም ራቅ ባለ በተለየ ቦታ ይተከል። በደኑ ውስጥ ግን ሦስት ሥራዎችን እንድትጀምሩ እንለምናለን።

አንደኛው መቍጠር ነው። ሰበካ ጉባኤው በአንድ መዝገብ በቅጥሩ ውስጥ ያሉትን የዛፍ ዓይነቶች በአገር ስማቸው፣ የእያንዳንዱንም ብዛት ይጻፍ። አንድ ወይም ሁለት ብቻ የቀሩት በልዩ ምልክት ይለዩ፤ ማንነታቸውን ከካህናቱና ከአረጋውያኑ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው ዘር መልቀም ነው። ዘር ለበር ከሚቀርበው ከአንድ ዛፍ ብቻ አይለቀም። እርስ በርሳቸው ከተራራቁ ከብዙ እናት ዛፎች፣ ቢቻልም በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ካለ ከጎረቤት ደብር ይሰብሰብ። በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለው ልዩነት የሚጠበቀው በዚህ ነውና።

ሦስተኛው ከብትን ማገድ ነው። በአካባቢው ድንጋይ የታጠረ ዝቅተኛ ካብ ብዙ ይጠቅማል፤ ከበታቹ የወደቀው ዘር ጊዜ አግኝቶ ይበቅላል።

አባቶቻችን እነዚህን ደኖች ሲያቆዩልን የዛፉን ዓይነት ሳይመርጡ ሁሉን በአንድነት አቆይተውልናል። የትኛው ዛፍ ለሚመጣው ዘመን እንደሚያስፈልግ እኛም አናውቅም። ባለማወቃችን ምክንያት አንዱንም እንዳናጠፋ አደራ አለብን።



ወስብሐት ለእግዚአብሔር።