ስንብትና አደራ
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ «ስለ ገዳሪፍ ኑሯችሁ ጥቂት ተናገሩ» ሲለን፣ ስለ ሰሊጥና ስለ ማሽላ ገበያ ልንናገር አስበን ነበር። እኛ ባለ ሱቆች ነን፤ ትምህርታችንም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ስናሰላስለው ግን በዚህ ከተማ ከሸቀጥ ይበልጥ ያየነው ስንብት ነው። ስለዚህ ወደ ጦርነት ሲሄድ ስለተሰናበተን አንድ ወዳጃችንና በእጃችን ስለተወው አደራ እንናገራለን።

ከዚህ በዶካ በኩል ወደ ገላባትና መተማ የሚወስደው መንገድ ከጥንትም የስንብት መንገድ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከማሕዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው፣ ሊሞቱ ሲሉ ራስ መንገሻ ልጃቸውና ወራሻቸው መሆኑን ለመኳንንቱ ተናግረዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመንም በነሐሴ 1932 ዓ.ም. አዛዥ ከበደ ተሰማና እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንፎርድ በዚሁ በእኛ ድንበር አልፈው ወደ ጎጃም ገቡ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማችንን ሰቀሉ። ስንቁንና ጥይቱን የተሸከሙት ወደ 15,000 የሚጠጉ ግመሎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በመንገድ አልቀዋል። ከግመሎቹ ጋር ሱዳናውያን ግመል ነጂዎች፣ ከአርበኞቹ ጋርም የሱዳን ወታደሮች ዘምተዋል። የዘማቾቹ ስም በታሪክ ይጻፋል፤ በር ላይ ቆመው የሸኟቸውን ግን ማንም አልመዘገበም።

ወዳጃችን የቀድሞው ሠራዊት ወታደር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን በመተማ በኩል ተሻግሮ መጣ። መጀመሪያ ሰሊጥ አጨደ፣ ጆንያ ተሸከመ፤ በኋላ ሦስት ሆነን ገንዘባችንን አዋጥተን አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየን። ሒሳቡን የሚይዘው እሱ ነበር። ሚዛን ሲመዝን ጣቱን ወደ ሳህኑ አያስጠጋም፤ ሱዳናውያኑ ደንበኞቻችንም ስለዚሁ ይወዱት ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ። ሬዲዮኑን ማታ ማታ ከጆሮው አያርቅም። የቀድሞ ወታደሮች እየተጠሩ መሆኑን ሲሰማ ዝምታ አበዛ። በጥር 1991 ዓ.ም. አንድ ሌሊት «ልሄድ ነው» አለን። «ስምንት ዓመት ሙሉ የሸሸ ወታደር ተብዬ ኖርኩ፤ አሁንስ አልችልም» አለ። ለመንነው፤ ተቆጣነው፤ አልሆነም።

ገና ሳይነጋ ወደ ሎሪው መቆሚያ ሸኘነው። ብርድ ነበር። ከአንዲት ሻይ ሻጭ ሴት ሻይ ገዝተን ቆመን ጠጣን። የእጅ ሰዓቱን፣ የዱቤ ደብተሩንና የድርሻ ገንዘቡን ሰጠን። «ሚዛኑን አደራ» አለ። ቀጥሎም «እናቴ ደብረ ታቦር አጠገብ ናት። ብዘገይ ሄዳችሁ ንገሯት። ወሬዬን አትደብቋት» አለ። አንገት ለአንገት ተቃቅፈን ተሳሳምን። ሎሪው ሲነሣ አቧራው ሸፈነው፤ እጁን ሲያወዛውዝ እንኳ ማየት አልቻልንም።

ጦርነቱ በሰኔ 1992 ዓ.ም. ቆመ፤ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ወዳጃችን አልተመለሰም።

አሁን የምንናገረው ለበዓል የሚመች አይደለም፤ ግን እውነት ነው። ወዲያው አልሄድንም። «ምናልባት ይመጣል» እያልን አንድ ዓመት፣ «ሱቁን ማን ይጠብቃል» እያልን ሌላ ዓመት አለፈ። ገንዘቡንም ለአንድ ክረምት ብቻ ብለን ስኳር ገዛንበት፤ ከዚያ እሱን ሳንሞላ መሄድ አፈርን። ሞልተን የሄድነው በ1996 ዓ.ም. ነው። መርዶው ከእኛ ቀድሞ ደርሷት ነበር።

እናቱ ገንዘቡን አልቆጠሩም። ሰዓቱን ይዘው «ከእናንተ ሲለይ በልቶ ነበር?» ብለው ጠየቁን። ሻይ ብቻ ጠጥቶ ነበር። «በልቷል እማማ» አልናቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው፣ «ይህንን ያኔ መጥታችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ፣ ይህን ያህል ዓመት እራቴን ሳቀርብ ባላሰብኩት» አሉን። ሌላ ነገር አልተናገሩንም። ይህ ግን እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

ወገኖቻችን፣ የሄደ ሰው ሸክሙን ይዞ አይሄድም፤ እኩሌታው ከቀሪው ዘንድ ይቀራል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ስንቶቻችን ቤተሰባችንን በመተማ ሸኘን! ስንት ሱዳናዊ ጎረቤታችንስ ልጁን ወደ ግንባር ሸኘ! የሱቁን ቁልፍ «ዓሚ፣ አደራ» ብሎ ሰጥቶን የሄደ ወጣት አለ፤ ቁልፉ ዛሬም በኪሳችን ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ የአደራ መዝገብ እንዲያቋቁም እንጠይቃለን። የሚሄድ ሰው ስሙን፣ የወላጆቹን ስምና አገሩን፣ ለማን ምን እንደተወ በሁለት ምስክር ፊት ያስመዝግብ። ወሬው ከጠፋም ማኅበሩ በዓመቱ ውስጥ ወደ ቤተሰቡ ሰው ይላክ። ብዙ ወጪ የለውም፤ አንድ ደብተርና የማያፍር መልእክተኛ ይበቃዋል። የመጀመሪያውን ደብተር እኛ ከሱቃችን እንሰጣለን።

የሄዱትን በሰላም ይመልስልን፤ የቀረነውንም አደራ የማንበላ ያድርገን። ለሁለቱም ሕዝቦች ሰላም ይስጥልን።