ቢኤምፒ፦ ወንዝ የሚሻገረው ብረት ለበስ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ በቶርንተን፣ በአውሮራና በዴንቨር ከምትገኙ አድማጮቻችን መካከል በቀድሞው የኢትዮጵያ ሠራዊት ያገለገላችሁ ቢኤምፒ-1ን ታውቁታላችሁ፤ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የኢትዮጵያ ጦር ከታጠቃቸው የሶቭየት መሣሪያዎች አንዱ ነው።

ሶቭየት ኅብረት ይህን ባለ ሰንሰለት ብረት ለበስ እ.ኤ.አ. በ1966 ለሠራዊቷ አስታጠቀች። ክብደቱ 13 ቶን ያህል ሲሆን 3 ምድብተኞችና 8 እግረኛ ወታደሮች ይይዛል። ወንዝ ዳር ሲደርስ ከፊቱ ያለው የማዕበል መከላከያ ሳህን ይነሣል፤ የገባውን ውሃ የሚያስወጣው ፓምፕ ይከፈታል። ከዚያ ሰንሰለቱ ራሱ ውሃውን እየቀዘፈ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይወስደዋል።

መንሳፈፍ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ክብደቱ እንዲቀንስ ብረቱ ስስ ሆነ፤ ጎኑን የከባድ መትረየስ ጥይት ሊበሳው ይችላል።

አሜሪካም ብራድሌይ በተባለው ብረት ለበሷ ላይ ይኸው ፈተና ገጠማት፤ ብረቱን ስታወፍር መዋኘቱ ቀረ። ለማሪን ጦሯ የታሰበው ኢኤፍቪ የተባለ ብረት ለበስ ደግሞ በባሕር ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሮጥም፣ ወጪው ስለናረ የወቅቱ መከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዲሰረዝ ወሰኑ።

ስለዚህ ስለ አዲስ ብረት ለበስ ስትሰሙ፣ ከፍጥነቱ በፊት ውስጡ ያሉትን ልጆች ምን ያህል እንደሚጠብቅ ጠይቁ።

(ሙዚቃ)